ሆደ ሰፊ

ድፍን ስድሳ አራት ጊጋ ነበር ሆዱ፣
አንድ ጌም ሲያጎርሱት ይዘጋል መንገዱ።
አዲስ ለማስገባት አሮጌውን ማጥፋት፣
የአንድ ወር ድካሜን በአንዲት ጣቴ መድፋት።
ሰው ቢሆን፣ «ሆደ ጠባብ» ብዬ አምቼው፣
ሌላ ወዳጅ ይዤ እሄድ ነበር ትቼው።
ዕቃ ግን አይታማም፤ ይከፈታል በቃ።

አንዲት ብሎን አለች በወረቀት ታንቃ፣
ጥፍር በምታህል፦ «ይህ ከተቀደደ
ዋስትናዎ ቀረ፣ ውላችን ተናደ።»

ዋስትና የሚል ቃል ቤታችን ሲነሳ
አባቴ ይነሳል ሳይጠግብ ከምሳ።
ባቡር ጣቢያ ሳለ ለተካልኝ ፈርሞ፣
«ሰው ነው፣ አይከዳኝም» ብሎ ዋሱ ቆሞ፣
ተካልኝ በሌሊት ወደ ሞያሌ ላጥ፤
አባቴ ሦስት ዓመት፣ ደሞዙ ሲቆረጥ፣
እኔ በወንድሜ ጫማ ተማሪ ቤት ስሄድ፣
ተካልኝን አንዴ እንኳ አልረገመም በገሃድ።
ሰፈሩ ሆደ ሰፊ ይለዋል። እኔ ግን አውቃለሁ
ሰፊ ሆድም እንደሚሞላ፤ ሲሞላ አይቻለሁ።

አሁን መሣሪያዬን አገላብጦ አይቶ፣
ወረቀቷን በጥፍሩ ነካ አድርጎ ትቶ፣
«ዋሱ ማነው?» አለኝ።
«ኩባንያው።»
«ማን ያውቀዋል? የት ነው?»
«ባሕር ማዶ።»
«ተካልኝ እንኳ ሞያሌ ነው።»

እውነቱን ነው። ከዱባይ፣ ከካልሲ ጋር ታጥፎ፣
በሰው ሻንጣ መጣ፣ ስንት ኬላ አልፎ።
ዘጠኝ ወር ይቀራል ዋስትናው ሊያበቃ፤
ልላከው ብልማ፣ የመላኪያው ዋጋ ይገዛል ሌላ ዕቃ።

ሶሬቲ ሱቅ ሄድኩ፣ ከፍራንኮ ወረድ ብሎ፣
በሯ ላይ የስልክ ሽፋን እንደ ቋንጣ ተሰቅሎ።
የአዳማ ነፋስ በሩን ሲደበድብ
ዘጋችው፤ ማራገቢያውንም አጠፋች። «ከአቧራ ላብ
ይሻላል።»

የመስኮቱን ብረት ነካች በመዳፏ፣
ካቻቢቴው በእጇ፣ ባትሪዋ በአፏ፤
ሰባቱን ብሎኖች ፈትታ፣ እንደ ጥሬ
ክዳን ላይ ደርድራ፣ ቀና አለች፦ «ልቅደድ ዛሬ?
ወይስ ዘጠኝ ወር ጠባብ ሆዱን ታቅፈህ
ትጠብቃለህ፣ እንዲበላሽልህ ጸልየህ?»

ላቤን ልጠርግ ብዬ አንገቴን ብደፋ
«እሺ» ያልኳት መስሏት፣ ሸርከት፤ ዋስትናው ጠፋ።
ይኸው ነው ድምፁ፣ የከረሜላ ልጣጭ ያህል።
እኔ ስጠብቅ ነበር ተራራ እስኪፈነቀል።

የማስቲካ ቅጠል ታህላለች አሮጌዋ፤
አዲሷም ያችው ናት፣ ግን አንድ ቴራ ሆድ ዕቃዋ።
ያንዷን በሌላዋ፣ በገመድ አገናኝታ፣
ያለቀና ያላለቀውን ጉዞዬን መገልበጥ ጀመረች፣ ተረጋግታ።
ስድሳ ሁለት በመቶ ላይ መብራቱ ድርግም።
ከከተማው ጀርባ ግን፣ ኮረብታው ላይ፣ ያ ሁሉ የነፋስ መዘውር
ሳያርፍ ይዞራል፤ ለማን እንደሚዞር አላውቅም።

ጎረቤት ፀጉር ቤት ግማሽ ራሷን የተተኮሰች
ሴት ወጥታ ትጮኻለች፣ «ሠርግ አለብኝ» እያለች።
እኛ ዘንድ ጨለማው ላይ ስክሪኗ ብቻ በርታ፣
ስድሳ ሦስት... ስድሳ አራት...
የሆዷን ባትሪ ተመክታ።
ትንፋሻችንን ይዘን ቆጠርን። የሶሬቲ ፊት
ሰማያዊ ነበር፣ እንደ ሐይቅ ሌሊት።

ሲያልቅ፣ ክዳኑን ከመዝጋቷ በፊት፣ ፕላስተር ቆርጣ
በእስክሪብቶ ጻፈች፣ ሆዱ ውስጥ ለጥፋ አስቀምጣ፦
ስሟንና ስልኳን። ቀን አልቆረጠች፣
«ከቀደዱ» ብላም አላስጠነቀቀች።

ማታ ለአባቴ ሁሉን ባወራለት
«የት ነው ሱቋ?» አለኝ።
«ከፍራንኮ ቁልቁለት።»
«በእግር ይደረሳል?»
«አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»
ዝም አለ። ጎረሰ።
ያን ማታ ከማዕዱ ሳይጠግብ አልተነሳም።